«ጋሼ፣ መብራቱን አይንኩ!»

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከሥራ ተመልሼ የቤቴን በር ስከፍት የበሰበሰ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ ተቀበለኝ። ኮሪደሩ ጨልሟል። እጄ በልማድ ወደ ማብሪያው ሲሄድ ከወጥ ቤት «ጋሼ፣ መብራቱን አይንኩ!» የሚል ጩኸት መጣ። እጄ ባለበት ቀረ።

የጮኸችው ቤታችን የምትሠራው ልጅ ናት። ምድጃው ላይ የተወችው ሽሮ ገንፍሎ እሳቱን አጥፍቶታል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን አላቆመም። ከሱቅ ስትመለስ ሽታው ሸቷት፣ በጨለማ እየዳሰሰች የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘግታ፣ መስኮቱንና የበረንዳውን በር ወለል አድርጋ ከፍታለች። እኔ የደረስኩት በዚህ መሐል ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ «ይህን ማን አስተማረሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ማንም። በፊት የነበርኩበት ቤት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ተቃጥላ ነው የተማርኩት» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሕግ ተምሬያለሁ፤ በየሳምንቱ ስለ ብዙ ነገር አስተያየት እሰጣለሁ። ያን ምሽት ግን ከቤቱ ሰው ሁሉ ያላወቅሁት እኔ ነበርኩ። ሲሊንደሩን የገዛሁት እኔ፣ ምድጃውን የመረጥኩት እኔ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ክብሪቱን ያስረከብኳትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ፖለቲካ የለበትም። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ከባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

«ጋዝ» ስንል ብዙ ጊዜ ከላምባ ጋር እናምታታዋለን። በሲሊንደር የሚሸጠው ሌላ ነው፤ ፕሮፔንና ቡቴን የተባሉ ጋዞች በግፊት ተጨምቀው ፈሳሽ የሆኑበት ነው። ቁልፉን ስንከፍተው ፈሳሹ ወደ ጋዝነት ይመለሳል፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ 250 ሊትር ገደማ ጋዝ ይወጣዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ምድጃ ከሚፈልገው እጅግ የበዛ ስለሆነ፣ አፉ ላይ የሚገጠመው ሬጉሌተር ነው ዝቅ የሚያደርግልን።

ጋዙ በተፈጥሮው ሽታ የለውም። ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመርበት፣ ሲያፈተልክ እንድናውቅ ነው። እንግዲህ «ትንሽ ይሸታል እንጂ ምንም የለውም» ማለት፣ ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ እንዳልሰሙ መሆን ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ከአየር መክበዱ ነው። ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለል ላይ ይተኛል፣ በበር ሥር ይሾልካል፣ ከቁም ሳጥን ሥር ይጠራቀማል። አየር ውስጥ ሁለት በመቶ ያህል ሲደርስ ለመቀጣጠል በቂ ነው። አንድ ቀላል ሒሳብ ላሳይ። ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት 15 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይይዛል። ያን ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ አደገኛው መጠን ለማድረስ ከአንድ ኪሎ ያነሰ ጋዝ ይበቃል። ጋዙ ደግሞ ታች ስለሚጠራቀም ወለሉ አካባቢ አደጋው ከዚያ ቀድሞ ይደርሳል። ሲሊንደራችን 12 እና 13 ኪሎ ያህል ነው የሚይዘው።

ሲገጠምና ሲያዝ

ሲሊንደር ምንጊዜም ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጋዙ ሊያልቅ ሲል ማጋደም፣ መገልበጥ ወይም በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ሲጋደም ግን ፈሳሹ ራሱ ወደ ሬጉሌተሩ ሊገባና ከልክ በላይ የሆነ ነበልባል ሊያስነሳ ይችላል። ማሞቁም በውስጡ ያለውን ግፊት ይጨምራል። ለተረፈች ግማሽ ኪሎ ተብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ቦታው አየር የሚዘዋወርበት፣ ከምድጃው እሳትና ከፀሐይ የራቀ ይሁን። ቁልፉን እጅ በቀላሉ ሊደርስበት ይገባል፤ በከረጢትና በካርቶን የተከበበ ሲሊንደር በጭንቅ ሰዓት አይዘጋም። ወለሉ ላይ የተጠራቀመ ጋዝ መውጫ እንዲኖረው በበሩ ግርጌ ክፍተት መኖሩ ይጠቅማል። ብርድ እንዳይገባ ብለን በጨርቅ የምንወትፈው ያንኑ ክፍተት ነው።

ጎማውን በየጊዜው አጠፍ አድርጎ ማየት ነው። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም አይጥ ከነካው ይቀየር፤ ደኅና ቢመስልም ዕድሜ አለው። ብዙ አምራቾች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የተሠራበት ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለቱም ጫፎቹ በሽቦ ወይም በፌስታል ሳይሆን በዊንች በሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ ይታሰሩ። ጎማው በምድጃው ጀርባ፣ ትኩስ ብረት በሚነካበት በኩል አይለፍ።

አዲስ ሲሊንደር በተገጠመ ቁጥር ሊደረግ የሚገባው ፈተና አንድ ብር አያስወጣም። ሳሙና በውኃ ይመታና አረፋው በቁልፉ፣ በሬጉሌተሩና በጎማው ጫፎች ላይ ይቀባል። ከዚያ ጋዙ ይከፈታል። አረፋው ካበጠና ከጎለበጠ ያፈስሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ በፍጹም አይገባም። ይህን የሚያደርግ ሰው ሲሊንደር አድራሹም ቢሆን «ተው» ሊባል ይገባል።

ሲቀጣጠልና ሲጠፋ

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ክብሪት፣ ቀጥሎ ጋዝ ነው። ጋዙን ከፍቶ ክብሪት ፍለጋ መሄድ ብዙ ፊትና ቅንድብ አስበልቷል። በመጀመሪያው ካልያዘ ዘግቶ፣ የወጣው እስኪበተን ጠብቆ እንደገና መሞከር ነው። ምድጃ ላይ ድስት ጥዶ ሱቅ መሄድም ይቅር። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን ራሱ የሚዘጋ መሣሪያ ያላቸው ምድጃዎች አሉ፤ አዲስ የሚገዛ ሰው ሻጩን ይህን ይጠይቅ። የእኔው አልነበረውም።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካስያዘ፣ ጋዙ አየር አንሶት በደንብ እየነደደ አይደለም። እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ነገሩን ያብሰዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ የተደፈኑ የምድጃ ቀዳዳዎችን ማጽዳትና መስኮት ገርበብ ማድረግ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል። ተጸድቶም ቢጫነቱ ካልለቀቀ ባለሙያ ይየው።

ማታ ከመተኛት በፊት የምድጃው ብቻ ሳይሆን የሲሊንደሩ ቁልፍ ይዘጋ።

ሲሸት

ማብሪያ ማጥፊያውን አይንኩ፤ ለማብራትም ለማጥፋትም። ሁለቱም ብልጭታ ይፈጥራሉ። የሚነድ ሻማም ሆነ ከሰል ካለ ወደዚያ ሳይጠጉ ይውጡ፤ ስልክም ውጭ ከወጡ በኋላ ይደውሉ። መድረስ ከተቻለ የሲሊንደሩን ቁልፍ ይዝጉ፣ በርና መስኮት ይክፈቱ፣ የቤቱን ሰው ሁሉ ያስወጡ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ ስልክ 939 ነው።

ከሲሊንደሩ አፍ እሳት ከተነሳ ዋናው ነገር ጋዙን መዝጋት ነው። ጋዙ ሳይቆም ነበልባሉን ብቻ ማጥፋት ጋዙ ቤቱን እንዲሞላና ዳግም እንዲፈነዳ መንገድ መክፈት ነው። ቁልፉ ላይ መድረስ ካልተቻለ መሸሽ ነው፤ ንብረት ይተካል።

የተቃጠለ ሰው ካለ ቁስሉ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይፍሰስበትና ወደ ሐኪም ይወሰድ። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤና ሊጥ መቀባት ቁስሉን ያባብሳል።

ሽታ የሌለው ገዳይ

ጋዝ ቢያንስ ሽታ ተጨምሮለታል። ከሰል ግን ይህ ዕድል የለውም። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» ብሎ ማንደጃውን ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት ትልቁ ስሕተት ነው። ያለቀው ጭሱ ነው፤ መርዙ አላለቀም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና ድካም ስለሆነ ጉንፋን ወይም ድካም ይመስላል። የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ይቀራል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራሳቸውን ካመማቸው ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣትና ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ራሱን ለሳተ ሰው ወተት መጋት ሌላ አደጋ ይጨምራል፤ ትንፋሽ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

በአሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎቼም አንድ ቃል አለኝ። በየቤታችሁ ምድር ቤት ያለው የጋዝ ማሞቂያ የሚያወጣው ክፉ ነገር ይኸው መርዝ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይታይ፣ ማጣሪያው በወቅቱ ይቀየር፣ የጭስ መውጫው በበረዶ እንዳይደፈን ይጠረግ፤ በየመኝታ ክፍሉ አጠገብ ማስጠንቀቂያ ደወል ይኑር። ቡና ለማፍላትም ሆነ ለዕጣን ተብሎ ከሰል ቤት ውስጥ አይቀጣጠል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሲያትል አካባቢ አውሎ ነፋስ መብራት ባጠፋ ጊዜ፣ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ከተመረዙት ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የሕግ ሰው ነኝና ይህን ሳልል አልጨርስም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 መሠረት በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ መካስ አለበት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል። የተሰነጠቀ ጎማ እያየ ዝም ያለ የቤት ባለቤት ነገ «አላወቅሁም» ቢል ቀላል ክርክር አይጠብቀውም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ክብሪቱን የምትጭረዋ ልጅ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም የሥራዋን ሁኔታ በዋናነት ለአሠሪዋ ሕሊና ትቶታል። ከገጠር መጥታ እንጨት ብቻ የምታውቅ ልጅ ከጋዝ ምድጃ ፊት ስትቆም፣ በእሷና በአደጋው መካከል ያለው የእኛ ሕሊና ብቻ ነው ማለት ነው። ያንን ሕሊና ለማሳረፍ የሚያስፈልገው ደግሞ ግማሽ ሰዓት ነው። ቁልፉ የቱ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ሲሸት ምን እንደማይነካ አብሮ ቆሞ ማሳየት፤ ከዚያም እሷ ደግማ እንድታሳይ መጠየቅ።

እኔ ጎማውን ቀይሬ፣ ምድጃውን ለውጬ፣ 939ን በወፍራም ጽፌ ወጥ ቤቱ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ትምህርቱ ግን በእኛ ቤት ተገልብጦ ነው የተሰጠው፤ አስተማሪዋ እሷ፣ ተማሪው እኔ። በእናንተ ቤት ሰው ሳይቃጠል ቢጀመር ይሻላል።