ሁዳዴ

ሁዳዴ የዐቢይ ጾም የአገር ቤት ስሙ ነው። ቀኑ 55 ነው፦ የመጀመሪያዎቹ 7 ጾመ ሕርቃል፣ ቀጥሎ ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾማቸው 40፣ ከአልዓዛር ቅዳሜ እስከ ቀዳም ሥዑር ደግሞ 8።

ቃሉ ከእርሻ የመጣ ነው ይባላል። ሁዳድ ማለት ገበሬው ተጠርቶ በጋራ የሚያርሰው የንጉሥ ወይም የጌታ ሰፊ መሬት ነበር። የሁዳድ ቀን የራስ ማሳ ይቆይ ነበር፤ መቅረት አልነበረም። ጾሙም ሁሉ የሚወጣበት የንጉሥ እርሻ ሆነ፤ የሚታረሰው ግን ልብ ነው።

የልብን አረም ለማወቅ ዲያብሎስ ጌታን የፈተነባቸውን ሦስቱን ፈተናዎች ማየት ይበቃል። ድንጋዩን ዳቦ አድርግ ሲባል ስስት፣ ከመቅደስ ጫፍ ተወርወር ሲባል ትዕቢት፣ ስገድልኝና የዓለምን መንግሥታት ልስጥህ ሲባል ፍቅረ ንዋይ ነበር።

ደሴን ከወልድያ በሚያገናኘው መንገድ ላይ ባለችው መርሳ፣ በቆላው ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት ቀላል አይደለም። ከዚያ ሱፉ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ ተጠልሎ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ማለፊያ ምግብ ነው፤ አንዳንዴ ከፍስኩም ይጥማል። ስስት ከጾም ማዕድ ዳርም ይቀመጣልና፣ ሥጋና ቅቤ መተው ብቻውን ሁዳዴ አያሰኝም። በገበያ ሚዛን የሚያጎድል፣ ከጎረቤቱ ተኳርፎ የከረመ ሰው ጦሙን ውሏል እንጂ ሁዳድ አልወጣም።