የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና

የመኪና ቀለም ጭረት ጥገና ማለት በመኪና አካል ላይ የሚታዩ ትናንሽ ጭረቶችንና በጠጠር ተመተው የተላጡ ነጥቦችን፣ ሙሉውን ክፍል እንደገና ሳይቀቡ፣ የማስተካከል ሥራ ነው። በቀላል መሣሪያ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ዋና ዓላማው መልክን ከማሳመር ይልቅ ውሃና አየር ከቀለሙ ሥር ወዳለው ላሜራ እንዳይደርሱ መከላከል ነው። የጥገናው ዓይነት የሚወሰነው በጭረቱ ርዝመት ሳይሆን በጥልቀቱ ነው።

የቀለሙ ንብርብሮች

የዘመናዊ መኪና የፋብሪካ ቀለም ከላሜራው ወደ ላይ ሲቆጠር ብዙውን ጊዜ አራት ንብርብሮች አሉት፦

• ጸረ ዝገት ሽፋን፦ የመኪናው አካል በገንዳ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለበጥ፤
• ፕራይመር፦ ገጽታውን የሚያስተካክልና ቀጣዩን ቀለም አጥብቆ የሚይዝ፤
• ዋናው ቀለም፦ ለመኪናው መልኩን የሚሰጥ፤
• ትራንስፓረንት፦ ቀለም የሌለው አብረቅራቂ ሽፋን፣ ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል።

አራቱ ተደምረው ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ነው። 1 ማይክሮሜትር የ1 ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ትራንስፓረንቱ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ስለሆነ በፖሊሽ በተፈገፈገ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ ካለቀ በኋላ የሚመለሰው እንደገና በመቀባት ብቻ ነው። አንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ ነጭ የሆኑት፣ ትራንስፓረንት የላቸውም። እነዚህ በፖሊሽ ሲታሹ የመኪናው ቀለም ጨርቁ ላይ ይወጣል።

ጥልቀቱን መለየት

ቦታው በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጥልቀቱ እንደሚከተለው ይታወቃል፦

• ውሃ ሲነካው የሚጠፋና ሲደርቅ ተመልሶ የሚታይ ጭረት በትራንስፓረንቱ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ በፖሊሽ ሊለቅ ይችላል።
• ጥፍር ሲሄድበት የሚያደናቅፍ ጭረት ጥልቅ ነው። በፖሊሽ ጠርዙ ይለሰልስ ይሆናል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።
• ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ከታየ ፕራይመሩ ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል።
• የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም ቡናማ ዝገት ከታየ ላሜራው ተጋልጧል፤ ሳይዘገይ መሸፈን አለበት።

ብረት ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ይዝጋል። ዝገቱ ከመነሻው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቀለም ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። የጤፍ ፍሬ የምታክል ነጥብ ቀስ በቀስ የምትሰፋው በዚህ ምክንያት ነው። ጨው ይህን ሂደት ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ በባሕር ዳርቻና በክረምት ጨው በሚረጭባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ መንገዶች አደጋው የበለጠ ነው። የፕላስቲክ ፓራውልት ግን አይዝግም።

የተላጠ ነጥብ አጠጋገን

ተስማሚው ቀለም በመኪናው የቀለም ኮድ ይገኛል። ኮዱ ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይጻፋል። ለምሳሌ በቶዮታ መኪኖች 040 የታወቀ የነጭ ቀለም ኮድ ነው። ፀሐይ ያደበዘዘው አሮጌ ቀለም ግን በኮዱ ከተገዛው አዲስ ቀለም ጋር ሙሉ በሙሉ ላይመሳሰል ስለሚችል አስቀድሞ በማይታይ ቦታ መሞከር ይመከራል።

ሥራው በጥላ ሥር፣ ላሜራው ቀዝቃዛና ደረቅ ሆኖ ይከናወናል፦

1. ቦታው ታጥቦ ሰምና ቅባቱ በአልኮል ይጠረጋል።
2. ዝገት ካለ ንጹህ ብረት እስኪታይ ድረስ በተጣጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ጫፍ ይፋቃል። ዙሪያው በወረቀት ፕላስተር ይከለላል።
3. ብረቱ ከተጋለጠ ጸረ ዝገት ፕራይመር በጥርስ መፋቂያ ስንጥር ወይም በቀጭን ብሩሽ ይነካና እንዲደርቅ ይተዋል።
4. በደንብ የተናጠ ቀለም በስሱ፣ ደጋግሞ ይቀባል፤ በየመካከሉ ይደርቃል።
5. መጨረሻ ላይ ትራንስፓረንት ይደረብና ለጥቂት ቀናት ይቆያል።
6. ከዙሪያው ከፍ ያለው ጠብታ በውሃ በራሰ 2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ተስተካክሎ በፖሊሽ ይታሻል።

ቲነር ያለባቸው ቀለሞች በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉና ትነታቸው ስለሚጎዳ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ቦታ መሠራት አለበት። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀሉ ትራንስፓረንቶች አይሶሳይኔት የተባለ መተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ኬሚካል ሊይዙ ስለሚችሉ ለቤት ሥራ አይመከሩም።

የተለመዱ ስህተቶች

የጥርስ ሳሙና ቀላል ጭረትን በመጠኑ ሊያደበዝዝ ይችላል፤ የተላጠ ቀለምን ግን አይተካም። ዘይትና ሰም ጭረቱን ለጊዜው ሞልተው ይደብቁታል፤ ሲታጠቡ ተመልሶ ይታያል። ዝገትን ሳይፍቁ ቀለም መቀባት ዝገቱን አያቆመውም። ከሁሉ የከፋው ጥልቅ ጭረትን በፖሊሽ ለማጥፋት አጥብቆ መፈግፈግ ነው፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ትራንስፓረንት አልቆ ትንሹ ጉዳት ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ወደ ጋራዥ የሚያስኬዱ ጉዳቶች

ቀለሙ ካበጠ፣ ላሜራው ከጎደጎደ ወይም ልጣጩ ሰፊ ከሆነ ሥራው የባቲላሜራና የቀለም ባለሙያ ነው። ባቲላሜራ፣ ላሜራ እና ስቱኮ የሚሉት የኢትዮጵያ ጋራዦች ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በቤት የተጠገነ ነጥብ ጠጋ ብለው ሲያዩት ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ሆኖም ላሜራው በደንብ ከተሸፈነና ዝገቱ ካልተመለሰ ጥገናው ዋና ዓላማውን አሳክቷል።