ጠመንጃና አደራ፦ በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል የሚጓዝ የጦር መሣሪያ ታሪካዊ አመጣጥ

(በጉደር ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ጽሑፍ)



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ በክፍል ውስጥ የቀረበ አጭር ጥያቄ ነው። ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ታሪክ ስንወያይ ከዚሁ ከጉደር አካባቢ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው በአውሮፕላን መሄድ ቢፈልግ ጠመንጃውን ምን ያደርገዋል?» አለ። የማውቀውን መለስሁለት፤ ጥይቱን ያወጣል፣ በሚቆለፍ ሣጥን ያኖረዋል፣ ለአየር መንገዱ ያስታውቃል፣ ጠመንጃውም ከሻንጣ ጋር በዕቃ ክፍል ይጓዛል። ተማሪው ጥቂት አሰበና፣ «ሲደርስስ ይመልሱለታል?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዚያ አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የመቶ ዓመት ታሪክ ተቋጥሯል።

ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህን ነው። በታሪካችን በጉዞ ላይ ያለ ጠመንጃ ሦስት ዕጣ ሲገጥመው እናያለን፤ አንድም ይገፈፋል፣ አንድም በሌላ ጠመንጃ ይጠበቃል፣ አንድም በአደራ ይሰጣል። የአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ሥርዐት የሦስተኛው ምሳሌ ነው። ወደዚህ ሦስተኛ መንገድ የተደረሰው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከባድ ዋጋ ካስከፈሉ በኋላ ነው።

ከመገፈፍ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1890 በብራስልስ የተፈረመው አጠቃላይ ስምምነት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ20ኛው፣ በስተ ደቡብ እስከ 22ኛው ዲግሪ ባለው የአፍሪካ ክፍል የጦር መሣሪያ እንዳይገባ የሚከለክል ድንጋጌ ነበረው። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው ተብሏል፤ በተግባር ግን ጠመንጃ ወደ ማን እንደሚሄድ የመወሰኑን ሥልጣን በአውሮፓ መንግሥታት እጅ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ ውጅግራውንና ሌላውን ጠመንጃ በቀይ ባሕርና በጅቡቲ በኩል ባያስገቡ ኖሮ የዓድዋ ውጤት ምን ይሆን እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1930 ኢትዮጵያ ከብሪታንያ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ጋር የመሣሪያ ንግድ ውል ተፈራረመች። ሆኖም ከአምስት ዓመት በኋላ የወረራው ደመና ሲያንዣብብ፣ መንግሥታቱ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። መሣሪያ በራሱ ፋብሪካ ለሚያመርተው ለኢጣሊያ ይህ ምንም አልነበረም፤ ከውጭ ለምታስገባው ለኢትዮጵያ ግን ባዶ እጅ መቅረት ነበር።

ይህ አካባቢ ነገሩን ከመጻሕፍት ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ከጉደር ተነሥቶ በባኮ አድርጎ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ መዳረሻ፣ በቦነያ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከፍተኛ መኮንኖችን ይዘው ዐረፉ። ዓላማቸው የወለጋን ሹማምንትና ሕዝብ ያለ ውጊያ ማስገበር ነበር። የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት አደጋ ጣሉባቸው፤ የአየር ኀይሉ ጄኔራል ማልዮኮና አብዛኞቹ ባልደረቦቹ ተገደሉ፣ አውሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። በዚሁ ዘመን በጅባትና ሜጫ ገና በ15 ዓመቱ የሸፈተው ጃገማ ኬሎ ትጥቁን ያገኘው በአብዛኛው ከጠላት በመማረክ ነበር። በነዚያ ዓመታት ጠመንጃን ማስረከብ ማለት መሸነፍ፣ ከዚያም አልፎ ለበቀል መጋለጥ ማለት ነበር። እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ «ይመልሱለታል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚናገረው ከአያቶቹ የወረሰው ትዝታ ነው።

ወደ ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ጠመንጃን በጠመንጃ ወደ መጠበቁ ልለፍ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። በዚያን ጊዜ በየትም አገር ቢሆን መንገደኛን በመሣሪያ አሳሽ መፈተሽ የተለመደ አልነበረም። ጥርጣሬ ያልነበረበት ያ ዘመን የተዘጋው በ1960ዎቹ መባቻ ነው። መጋቢት 2 ቀን 1961 ዓ.ም. የአየር መንገዱ አውሮፕላን በፍራንክፈርት ቆሞ ሳለ ፈንጂ ጎዳው፤ በሰኔም በካራቺ ሌላ አውሮፕላን ጥቃት ደረሰበት። ነሐሴ 6 ቀን 1961 ዓ.ም. ብርሃነ መስቀል ረዳ የሚገኝባቸው ሰባት ተማሪዎች የአገር ውስጥ በረራ ላይ የነበረ ዲሲ-3 አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም አወረዱት። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ሌላ አውሮፕላን ወደ ዓደን ተጠለፈ።

የመንግሥት መልስ ምን ነበር? የታጠቁ የጸጥታ ሰዎችን ተራ ልብስ አልብሶ ከመንገደኛው መካከል ማስቀመጥ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1962 ዓ.ም. ከማድሪድ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ በነበረው አውሮፕላን ላይ ጠለፋ የሞከሩ ሁለት ሰዎች በእነዚሁ ጠባቂዎች ተገደሉ። ጠለፋው ግን በዚህ አልቆመም፤ በጥር 1963 ዓ.ም. ሌላ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ወደ ሊቢያ ተወሰደ።

ከዚያም ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ደረሰ። ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ አውሮፓ ለመሄድ የተነሣው ቦይንግ 720 ሰባት ወጣቶችን ይዟል። ከነሱ መካከል ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በ1962 ዓ.ም. በጻፈው ጽሑፍ የሚታወቀው ዋለልኝ መኮንንና የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ ይገኛሉ። አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ጠለፋው ተጀመረ፤ ጠባቂዎቹም ተኮሱ። በጠባብ ክፍል፣ በመንገደኞች መካከል፣ በሺህ የሚቆጠር ጫማ ከፍታ ላይ ተኩስ ሆነ፤ የእጅ ቦምብም ፈነዳ። አብራሪዎቹ የተጎዳውን አውሮፕላን መልሰው አዲስ አበባ በሰላም ለማሳረፍ ቻሉ። ዋለልኝንና ማርታን ጨምሮ አብዛኞቹ ጠላፊዎች ግን ሞቱ።

በዚህ ቀን ላይ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው በፖለቲካው ላይ ያተኮረ ነው። አንዱ ጀግኖች ይላቸዋል፣ ሌላው ወንጀለኞች። የዛሬው ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሽጉጡና ቦምቡ እንዴት ከመንገደኛ ጋር ወደ መቀመጫ ደረሰ? ጠባቂዎቹ ጠለፋውን አከሸፉት መባሉ እውነት ነው፤ ጠለፋው እንዲከሽፍ የተደረገበት ስፍራ ግን የመጨረሻው ስፍራ፣ ማለትም ማንም ሊሸሽበት የማይችለው ስፍራ ነበር። መሣሪያው በመሬት ላይ፣ በበሩ ላይ ተለይቶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ጠላፊዎቹ ለፍርድ በቀረቡ ነበር፤ መንገደኞችም በቦምብና በጥይት መካከል ባልተቀመጡ ነበር። ጠመንጃን በጠመንጃ መጠበቅ በቂ አይደለም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለምም በነዚያው ሳምንታት ወደዚሁ መደምደሚያ እየደረሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1970 በሄግ የተፈረመው ስምምነት አውሮፕላን ጠላፊን መንግሥታት አሳልፈው እንዲሰጡ ወይም ራሳቸው ለፍርድ እንዲያቀርቡ አስገደደ። ይህ ግን ከድርጊቱ በኋላ የሚመጣ ሕግ ነው። አሜሪካ ከበርካታ ጠለፋዎች በኋላ መንገደኛን ሁሉና የእጅ ሻንጣውን መፈተሽን ግዴታ ያደረገችው እ.ኤ.አ. ከጥር 5 ቀን 1973 ጀምሮ ነው፤ የአዲስ አበባው ተኩስ ከሆነ ከ28 ቀን በኋላ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1974 ደግሞ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በቺካጎ ስምምነት ላይ 17ኛውን አባሪ ጨመረ። አባሪው ለአባል መንግሥታት ሁሉ የአቪዬሽን ደኅንነት መለኪያዎችን የሚደነግግ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ወደ ሦስተኛው መንገድ ደርሰናልና። የዚህ ሥርዐት ፍሬ ነገር ምንድን ነው? ስለ ተጓዥ መሣሪያ የተደነገገው በአጭሩ ሲገለጽ እንዲህ ነው፦ ሥልጣንና ችሎታ ያለው ሰው መሣሪያው ጥይት ያልጎረሰ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በበረራ ጊዜም የማንም ሰው እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች በዚህ ላይ ጠንካራና የሚቆለፍ ሣጥን ይጠይቃሉ። ጥይት በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች ደንብ መሠረት በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ በዕቃ ክፍል ብቻ፣ ለአንድ ሰው ከ5 ኪሎ ግራም ባልበለጠ መጠን፣ ለባለቤቱ የራሱ አገልግሎት ብቻ ይፈቀዳል፤ የሁለት ሰው ድርሻ በአንድ መጠቅለያ አይደመርም። ዝርዝሩ ከአገር አገር፣ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ስለሚለያይ ከጉዞ በፊት መጠየቅ ግድ ነው። በአገራችንም መሣሪያ መያዝ፣ ማስገባትና ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚሻ ጉዳይ ነው።

እነዚህን ደንቦች አንድ ላይ ስናነባቸው ዋናው ቃል «ክልከላ» ሳይሆን «መለየት» መሆኑን እናያለን። ጥይቱ ከጠመንጃው ይለያል፤ ጠመንጃው ከባለቤቱ ይለያል። ባለቤትነቱ ግን አይነካም። ባለቤቱ በራሱ አንደበት «ይህ አለኝ» ብሎ ያስታውቃል፤ ተቋሙም ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ በመድረሻው ያስረክበዋል። ይህ በአማርኛ ስም አለው፤ አደራ ይባላል። በሽምግልና ሸንጎ መሣሪያ ይዞ መቀመጥ ነውር መሆኑን የምናውቅ ሰዎች፣ ነገሩ ለባህላችን እንግዳ እንዳልሆነ እንረዳለን። መሣሪያውን ከውጭ ትቶ የገባ ሰው ተማርኳል አይባልም፤ ለጊዜው በቃል ለመነጋገር ፈቅዷል እንጂ።

ከብራስልሱ ስምምነት ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1944 የቺካጎው ጉባኤ ሲካሄድ ኢትዮጵያ ተሳታፊ ነበረች። የስምምነቱ 35ኛ አንቀጽ በዓለም አቀፍ በረራ የጦር መሣሪያ በአንድ አገር ግዛት ውስጥም ሆነ በላዩ የሚያልፈው ያ አገር ሲፈቅድ ብቻ ነው ይላል። በ1890 ሌሎች ስለ እኛ ወሰኑ፤ በ1944 ግን እያንዳንዱ መንግሥት ስለ ራሱ ሰማይ እንዲወስን ሆነ። ቁጥጥር ሁሉ መገፈፍ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው ሕጉ ሁሉንም በእኩል ሲይዝና ባለቤቱም የተቀበለውን ወገን መጠየቅ ሲችል ነው።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈውና በኮሞሮስ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ የወደቀው ቦይንግ 767 ከያዛቸው 175 ሰዎች 125ቱ ሞተዋል፤ ጠላፊዎቹ ግን ጠመንጃ አልያዙም ነበር። ታዲያ ሽጉጥን በዕቃ ክፍል ማስቀመጥ ምን ፈየደ? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሆኖም በትክክል ሲመረመር ሐሳቡን ያጠናክራል። ጠላፊዎቹ የታጠቁት ከአብራሪዎቹ ክፍል የወሰዱትን የእሳት አደጋ መጥረቢያና ማጥፊያ ነበር፤ ፈንጂ ይዘናልም ብለው አስፈራሩ። አደጋው የመጣው እጅ ከሚደርስበት ነገር ነው። ስለዚህ የሕጉ ጥያቄ «ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በበረራ ላይ የማን እጅ ይደርስበታል?» የሚለውም ጭምር ነው።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስና ልቋጭ። «ይመልሱለታል?» ለሚለው በአውሮፕላን ጉዳይ ያለኝ መልስ ሥርዐቱ የቆመው በመመለሱ ላይ ነው የሚል ነው። አደራ ተቀባይ አደራውን ከበላ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ባለ ጠመንጃው አያስታውቅም፤ ይደብቃል። ድብቁ ደግሞ ወደ መቀመጫው ይዞት ይገባል፤ እኛም ወደ ኅዳር 1965 እንመለሳለን።

ይህ ከአውሮፕላን ማረፊያ ውጭም የሚሠራ ይመስለኛል፤ ንጽጽሩ ወሰን እንዳለው ግን አልዘነጋም። ተጓዡ ጠመንጃውን በሰዓታት ውስጥ ያገኘዋል፤ ትጥቅ እንዲፈታ የሚጠየቅ ታጣቂ ግን ጠመንጃውን አይደለም የሚጠብቀው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመው ስምምነት ወዲህ «ትጥቅ መፍታት» የሚለው ቃል በአገራችን ዘወትር ይሰማል፤ በዚህ በምዕራብ ሸዋም ቃሉ ለማንም ሩቅ አይደለም። ታጣቂው በጠመንጃው ፋንታ የሚመለስለት ነገር ደኅንነቱ፣ እርሻው፣ በሕግ ፊት ያለው እኩልነት መሆን አለበት። ያ የማይመለስ ከመሰለው፣ ጥያቄውን የሚሰማው እንደ አደራ ሳይሆን እንደ መገፈፍ ነው። የአያቶቹ ትዝታም ያግዘዋል።

የታሪክ ተማሪ ሥራ ያንን ትዝታ መናቅ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ ማወቅና ዛሬ ከፊቱ ያለው ጉዳይ ያው መሆን አለመሆኑን መመርመር ነው። ያ ተማሪ በክፍሉ ሳቅ አልተደናገጠም፤ መልሱን እየጠበቀ ቆመ። መልሱ ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ስለ ወሰደብኝ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።