በዐይን ላይ የሚደረግ ሁሉ መነጽር ነውን?

«ዐይን ካላዩበት ግንባር ነው» ይላሉ አባቶቻችን። ሰው ዐይን እያለው ባያይ፣ ከግንባሩ በታች ያሉት ሁለቱ ብርሃናት ከግንባሩ ቆዳ አይለዩም ማለታቸው ነው። ስለዚህ የሰው ልጅ በመጀመሪያ የዐይኑን ጉድለት ለመሙላት፣ ቀጥሎም ዐይኑ ከሚደርስበት አልፎ ለማየት ብዙ ዘመን ደክሟል። የዚህ ድካም የቅርብ ጊዜ ፍሬ በራስ ላይ የሚጠለቀው የኮምፒዩተር መነጽር ነው። ይህን ዕቃ ያደረገ ሰው የተቀመጠበትን ቤት እያየ፣ በዚያው ቤት ውስጥ የሌለ ነገር፣ ለምሳሌ ሥዕል ወይም ጽሕፈት ወይም የሩቅ ሰው መልክ፣ በፊቱ የቆመ መስሎ ይታየዋል። ያለውና የሌለው ተቀላቅሎ ስለሚታይ «ቅይጥ እውነታ» ተብሏል።

ባለፈው ዓመት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለትምህርት ያጠራቀምሁት ጥቂት ገንዘብ አለኝ። ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመዴ ይህን መነጽር ሊገዛልኝ ፈቅዷል፤ ገንዘቡን ግን እኔ እከፍላለሁ። ለዕለት ኑሮዬ ይጠቅመኛል ወይስ አይጠቅመኝም?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም የማላውቀውን ነገር ቸኩዬ ከመናገር ብዬ፣ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ በኋላ ታሪኩን መርምሬ ያገኘሁትን መልስ ለእርሱም ለእናንተም ለወጣቶች እነሆ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሁላችን የምናውቀውን መነጽር እንመልከት። የማንበቢያ መነጽር የተገኘው በኢጣልያ አገር በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ጆርዳኖ ዘፒሳ የተባለው መነኵሴ በ1306 ዓ.ም. በፍሎሬንስ ከተማ ሲሰብክ፣ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና 20 ዓመት እንዳልሞላውና ለዓለም ከሚያስፈልጉት ጥበቦች አንዱ እንደ ሆነ ተናግሯል። በ1352 ዓ.ም. ደግሞ ቶማሶ ዘሞዴና የተባለው ሠዓሊ በትሬቪዞ ከተማ በገዳም ግድግዳ ላይ መነጽር አድርጎ የሚያነብ ካርዲናል ሥሏል፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ ይታያል።

ያ መነጽር ግን ብዙ ጉድለት ነበረበት። በአፍንጫ ላይ ይቆነጠጥ ወይም በእጅ ይያዝ ነበር እንጂ፣ በጆሮ ላይ የሚያርፍ ክንድ አልነበረውም። ይህ ክንድ በለንደን የመነጽር ሠሪዎች ዘንድ የተለመደው ከ1700 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ይኸውም መነጽር ከተገኘ ከ400 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ታዲያ ሰዎች በእነዚያ 400 ዓመታት ሁሉ የሚወድቀውንና አፍንጫ የሚቆነጥጠውን ዕቃ ስለ ምን አልጣሉትም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዐይኑ የደከመ ጸሐፊ መነጽሩን ሲያወልቅ መጽሐፉ ይጠፋበታል፤ መልሶ ሲያደርገው መጽሐፉ ይመለስለታል። ጥቅሙ ድካሙን ይክስ ነበርና ታገሡት።

ይህን እውነት እኔ የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበረኝ። ከሰሌዳ የሚገለብጠው ሁሉ ስሕተት ነበር። እኔም ዓመቱን ሙሉ ሰነፍ እያልሁ በጓደኞቹ ፊት አዋረድሁት። አንድ ቀን ሰሌዳውን እንዲያጠፋ ባዘዝሁት ጊዜ፣ እያንዳንዱን መስመር አፍንጫው ሰሌዳውን እስኪነካ ድረስ ተጠግቶ እያነበበ ሲያጠፋ አየሁት። ልጁ ያን ዓመት ሁሉ የሰሌዳው ጽሕፈት ታይቶት አያውቅም ነበር። ቤተ ሰቦቹ ተቸግረው መነጽር ከገዙለት በኋላ ግን አንድ ፊደል አልሳተም። ዐይን ሳለኝ ያላየሁት እኔ ነበርሁ።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ዕቃ እንለፍ። አውራ ጣትህን በፊትህ አቁመህ፣ አንድ ጊዜ ቀኝ ዐይንህን፣ አንድ ጊዜ ግራ ዐይንህን ብትጨፍን ጣትህ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ይመስልሃል። ሁለቱ ዐይኖች አንዱን ነገር ከሁለት ቦታ ያዩታልና ነው። ቻርልስ ዊትስቶን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1838 ዓ.ም. ይህን አስረድቶ፣ ለቀኝ ዐይን አንድ ሥዕል፣ ለግራ ዐይን ሌላ ሥዕል በመስተዋት የሚያሳይ መሣሪያ አቀረበ። ስሙንም ስቴሬኦስኮፕ አለው። ሁለቱ ሥዕሎች በአእምሮ ውስጥ ሲዋሐዱ፣ ጠፍጣፋው ሥዕል ቅርብና ሩቅ ያለው ሆኖ ይታያል። ለሁለቱም ዐይን ሥዕል የሚያሳየው የዛሬው የኮምፒዩተር መነጽር መሠረቱ ይኸው የዊትስቶን ሐሳብ ነው።

በ1849 ዓ.ም. ዴቪድ ብሩስተር የተባለው ስኮትላንዳዊ መሣሪያውን በሌንስ አሻሽሎ አሳነሰው። በ1851 ዓ.ም. በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ንግሥት ቪክቶሪያ አይተው ስለ ወደዱት ዝናው በየአገሩ ተሰማ። በ1854 ዓ.ም. ለዚሁ ንግድ በለንደን የተቋቋመው ኩባንያ፣ ስቴሬኦስኮፕ የሌለበት ቤት እንዳይኖር የሚል መፈክር ነበረው። በአሜሪካም ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ የተባለው ሐኪምና ደራሲ በ1861 ዓ.ም. በእጅ የሚያዝ ርካሽ ዓይነት አወጣ፤ ማንም ሰው ሠርቶ እንዲጠቀምበትም የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ቀረ። ነጋዴዎች የግብፅን ፒራሚዶችና የኢየሩሳሌምን አደባባዮች በየደጁ እየዞሩ ሸጡ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው ይህ ዕቃ ከእንግዲህ ከቤት አይወጣም ቢል ማን ይፈርድበታል?

ነገር ግን ሲኒማና ራዲዮ በመጡ ጊዜ ስቴሬኦስኮፕ ከሳሎን ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ አሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ገባ። በ1939 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ኤግዚቢሽን የታየው ቪው ማስተር የተባለው የሥዕል መመልከቻም ኋላ የልጆች መጫወቻ ሆነ። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን አንድ እንዲህ ያለ መመልከቻ ነበራቸው። ተሰልፈን በየተራ የቤተ ልሔምን ሥዕል እናይበት ነበር። እጅግ ደስ ይል ነበር፤ ሆኖም አንዱ ሲያይ ሌሎቻችን የምናየው የእርሱን የተሸፈነ ፊት ብቻ ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ ስቴሬኦስኮፕ ከሳሎን ወጣ እንጂ አልሞተም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በሜድመናም የነበሩ መርማሪዎች ከአውሮፕላን የተነሡ ፎቶግራፎችን በስቴሬኦስኮፕ ይመረምሩ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. ጀርመኖች በፔነሙንደ የሚሠሩትን አዲስ የጦር መሣሪያ ለይተው ያወቁትም በዚህ ሥራ ነው። መሣሪያው ለሁሉ ሰው በየቀኑ አላስፈለገም፤ ለጥቂት ሰዎች ለከባድ ሥራ ግን ተተኪ አልነበረውም። ይህን ልዩነት በልባችሁ ያዙልኝ፤ ቀጥሎ የምናየው ታሪክ ይኸው ነውና።

ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ መምህር በ1968 ዓ.ም. ከኮምፒዩተር ጋር የተያያዘ በራስ የሚደረግ መመልከቻ አስተዋወቀ። ያደረገው ሰው ክፍሉን እያየ፣ በብርሃን መስመር የተሣለ ቅርጽ በአየር ላይ ቆሞ ያያል። ዕቃው ከጣሪያ ጋር የተያያዘ ክንድ ስለ ነበረው፣ በንጉሥ ግብዣ ላይ ከእንግዳው ራስ በላይ በፀጉር የተንጠለጠለውን ሰይፍ በማስታወስ «የዳሞክሌስ ሰይፍ» ተባለ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ በቦይንግ የአውሮፕላን ኩባንያ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሠራተኛው ብዙውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲዘረጋ መንገዱን በዐይኑ ፊት የሚያሳይ መመልከቻ እንዲሠራ ሐሳባቸውን ጽፈው አወጡ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የጀመሩት ከዕቃው ሳይሆን ከሠራተኛው ችግር ነው።

ኋላ ታላላቅ ኩባንያዎች ዕቃውን ወደ መንገድና ወደ ቤት ሊያስገቡት ሞከሩ። ጉግል ግላስ በ2013 ዓ.ም. በ1,500 ዶላር ለሙከራ ተሸጠ፤ ካሜራ ስላለበት ሰዎች በድብቅ የሚነሡ መስሏቸው ስለ ከፋቸው፣ በአንዳንድ መጠጥ ቤቶችም ስለ ተከለከለ፣ በ2015 ዓ.ም. ከተራው ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ በፋብሪካዎች እስከ 2023 ዓ.ም. ተሸጧል። የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ በ2016 ዓ.ም. በ3,000 ዶላር ወጣ፤ ሁለተኛው ዓይነት ለሥራ ቦታ ታስቦ ቢወጣም፣ ኩባንያው በ2024 ዓ.ም. ማምረቱን አቆመ። በዚያው ዓመት በየካቲት የአፕል ኩባንያ ቪዥን ፕሮ የተባለውን በ3,499 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ ከ600 እስከ 650 ግራም ነበር፤ በገመድ የሚያያዘው ባትሪው የሚያገለግለውም ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ሜታ ኩዌስት 3 የተባለው በ2023 ዓ.ም. በ499 ዶላር ወጥቶ ዋጋውን ቢያቀልለውም፣ ፊትን መሸፈኑን አላስቀረውም።

በሌላ በኩል በ2020 ዓ.ም. በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪሞች እንዲህ ያለ መመልከቻ አድርገው በሕያው ሰው አከርካሪ ላይ ብሎን ተከሉ። የበሽተኛው አጥንት መልክ በቦታው ላይ ስለሚታያቸው፣ ዐይናቸውን ወደ ሌላ ቦታ ማዞር አላስፈለጋቸውም። ለእንዲህ ያለው ሥራ ስለ ዕቃው ክብደት የሚያጕረመርም የለም። ጸሐፊው አፍንጫውን የሚቆነጥጠውን መነጽር እንደ ታገሠ፣ ሐኪሙም የራሱን ሸክም ይታገሣል።

እኔም ሳልሞክረው እንዳልፈርድ ብዬ፣ የወንድሜ ልጅ ለበዓል ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣውን መነጽር አደረግሁ። ያየሁትን አልክድም። በቤቴ ግድግዳ ላይ ባሕር ተዘረጋ፤ የሰው ልብ በመጠኑ ከአንድ በርሜል በልጦ በፊቴ ሲመታ ዞሬ አየሁት። ተማሪዎቼን ሳስተምር ይህ በኖረኝ ብዬ ተመኘሁ። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዐይኔ ደከመ። ምክንያቱም ዐይን የሚያነጣጥረው ሁልጊዜ በአንድ በተወሰነ ርቀት ላይ ሲሆን፣ ሥዕሉ ግን አንድ ጊዜ የቅርብ፣ አንድ ጊዜ የሩቅ መስሎ ስለሚታይ፣ የዐይን ማነጣጠርና የሁለቱ ዐይኖች ወደ አንድ ቦታ መዞር ስለሚጋጩ ነው። ባወለቅሁት ጊዜ ባለቤቴ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች፤ ያቀረበችልኝ ቡና ቀዝቅዟል። «ሁለት ጊዜ ጠራሁህ፤ ፊትህ ስላልታየኝ የሰማኸኝ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።

የቪዥን ፕሮ ሠሪዎች ይህን ጉድለት ያውቁታል። በመነጽሩ ውጫዊ ፊት ላይ የባለቤቱን ዐይን የሚመስል ሥዕል እንዲታይ አድርገዋልና። የተሸፈነ ፊት ከሰው ጋር ለመኖር እንደማይመች ከሠሪዎቹ የበለጠ ማን ይመስክር? የመነጽሩ ሥዕል ዐይንን ሊመስል ይችላል፤ የቀዘቀዘውን ቡና ግን አይመልስም።

ሆኖም አዲስን ነገር በንቀት መጣል የአዋቂ ሥራ አይደለም። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል፤ መነጽርም ክንድ ያበቀለው ከ400 ዓመት በኋላ መሆኑን አይተናል። በ2025 ዓ.ም. ተራ መነጽር የሚመስል፣ በአንዱ ሌንሱ ውስጥ ትንሽ ጽሕፈት የሚያሳይ ዓይነት በ799 ዶላር ወጥቷል። ምናልባት እናንተ በእኔ ዕድሜ ስትሆኑ ዕቃው ቀልሎ፣ ረክሶና ፊትን ገልጦ ታገኙት ይሆናል። ያን ጊዜም ቢሆን የምትመዝኑበት ሚዛን አይለወጥም።

ሚዛኑም ሦስት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ይህን ዕቃ ሳላውቀው በፊት ምን ጎድሎኝ ነበር? ሁለተኛ፣ ባወልቀው ምን ይጠፋብኛል? ሦስተኛ፣ እኔ ሳደርገው አጠገቤ ያለው ሰው ምን ያጣል? የዚያ ተማሪ መነጽር ለሦስቱም መልስ ነበረው። ሰሌዳው ጎድሎት ነበር፤ ሲያወልቀው ሰሌዳው ይጠፋበታል፤ ሲያደርገው ግን ከክፍሉ ማንም ምንም አላጣም። የሐኪሙም መመልከቻ እንዲሁ ነው። ለዕለት ኑሮ ተብሎ የሚሸጠው የኮምፒዩተር መነጽር ግን ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ጥያቄ እስከ ዛሬ በቂ መልስ አላገኘም፤ ለሦስተኛው ያለው መልስ ደግሞ መልካም አይደለም።

ስለዚህ ለቀድሞ ተማሪዬ የላክሁት ቃል ይህ ነው። ለትምህርት ያጠራቀምኸውን ገንዘብ ለትምህርት አውለው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ብትሆንና ሥራህ ይህን ዕቃ ቢፈልግ፣ ጥቅሙን ሥራው ራሱ ያስተምርሃል፤ ያን ጊዜም ሳትፈራ አድርገው። እስከዚያ ድረስ ግን የጓደኛ ወይም የዘመድ ዕቃ ብታገኝ እየው፣ ተደነቅበት፣ አሠራሩንም ጠይቅ፤ ከዚያም አውልቀህ ለባለቤቱ መልስለት።

መልእክቴ ከደረሰው በኋላ ልጁ የትምህርት ክፍያውን መክፈሉን ነገረኝ። ቤቴም ሲመጣ ቡናውን ሳይቀዘቅዝ እንጠጣለን።