በካርድ ሳይሆን በግምገማ፦ የወላይታ መራጭና የድርጅት መሪዎቹ

በወላይታ ዞን መራጩ በፓርቲ መሪዎቹ ላይ ያደረበት ቅሬታ የራሱ ታሪክ አለው፤ ይህ ታሪክ ግን በድምፅ ቆጠራ ሰነዶች ውስጥ ቢፈለግ እምብዛም አይገኝም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 ዓ.ም. በተካሄደው ጠቅላላ ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከተመዝጋቢው 60 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑና አሸናፊው ሌበር ፓርቲም ከተሰጠው ድምፅ 34 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ ከ650ው መቀመጫ ከ400 በላዩን በመውሰዱ፣ የሕዝቡን መሰላቸት ከአኃዙ ማንበብ ይቻላል። ኢትዮጵያም በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘው የሚያሸንፍበትን ይህንኑ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ትከተላለች፤ የወላይታ ቅሬታ ግን የተገለጸው በኮሮጆ ሳይሆን በአደባባይና በምክር ቤት አዳራሽ ነው።

ካዎ፣ ማለትም ንጉሥ፣ ጦና በ1887 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ጦር ድል ከተደረጉ በኋላ አካባቢው ከማዕከል በሚላኩ ገዥዎች ይተዳደር ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ቢፈቅድም፣ ፓርቲ ባለመኖሩና ዕጩው ንብረት ያለው መሆን ስለነበረበት፣ ጭሰኛው የሚመርጠው ከባለርስት መካከል ነበር። የ1979ኙ ብሔራዊ ሸንጎ ደግሞ 835 አባላት ቢኖሩትም የአንድ ፓርቲ፣ የኢሠፓ፣ ጥላ ያረፈበት ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መሪው ተወላጅ ሆነ፤ ቅሬታውም መልኩን የለወጠው ያን ጊዜ ነው። ወላይታ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከዳውሮና ከሌሎችም ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ተጠቃልሎ ማዕከሉ አርባ ምንጭ ሲደረግ፣ የአካባቢው ፖለቲካ በገዥው ግንባር በኢሕአዴግ አባል ድርጅት፣ በኋላ ደኢሕዴን በተባለው፣ እጅ ገባ። በዚህ አሠራር ሹም የሚወጣውም የሚወርደውም በግምገማ ነበር፤ ግምገማ ማለት የድርጅት አባላት በዝግ ስብሰባ አንዱ ሌላውን የሚተቹበትና የሹሙ ዕጣ የሚወሰንበት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ባለሥልጣኑ የሚፈራው የወላይታዋን ከተማ የሶዶን መራጭ ሳይሆን ገምጋሚውን ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህ ውጤት በግልጽ የታየው በወጋጎዳ ጉዳይ ነው። ወጋጎዳ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት የተሠራ መጠሪያ ሲሆን፣ አራቱን ተቀራራቢ የኦሞ ቋንቋዎች ቀላቅሎ አንድ የትምህርት ቋንቋ ለማድረግ የታቀደ ነበር። መጻሕፍቱ ታትመው ትምህርት ቤት ሲገቡ ተማሪው፣ መምህሩና ወላጁ ተቃወሙ፤ በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞው በረታ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ጠቅላላ ምርጫው ግንቦት 6 ቀን 1992 ዓ.ም. ሊካሄድ ስድስት ወር ገደማ ብቻ ነበር የቀረው፤ ሕዝቡ ግን ካርዱ እስኪደርስ አልጠበቀም፣ መንግሥትም መጻሕፍቱን የሰበሰበው ከምርጫው ውጤት ተነሥቶ አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ከአደባባይ የተገኘው መልስ ከኮሮጆ ከተገኘው ሁሉ የፈጠነ መሆኑ በአካባቢው የፖለቲካ ትዝታ ውስጥ ሳይቀር አይቀርም።

በወላይታ የቦሎሶ ሶሬ ተወላጅ የሆኑት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸው እንኳ ይህን ግንኙነት ከመሠረቱ አልለወጠውም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ የፌዴራል መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ሁሉንም በያዙበት ዘመን ቅሬታ የሚቆጠርበት ቦታ አልነበረውም፤ እርሳቸውም በየካቲት 2010 ዓ.ም. የመልቀቂያ ጥያቄ ያቀረቡት በምርጫ ተሸንፈው አልነበረም።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት ወላይታ ክልል እንዲሆን ጠየቀ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 መሠረት እንዲህ ያለ ጥያቄ በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ መደራጀት ነበረበት፤ አልተደራጀም። ልብ ሊባል የሚገባው፣ በዚህ ጊዜ ከመራጩ ጎን የቆሙት የገዥው ፓርቲ የአካባቢ ሹሞች ራሳቸው መሆናቸው ነው። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በመጀመሪያ የተቀጠረው ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተራዘመ እንጂ። ከዚያ ቀጠሮ 20 ቀን አስቀድሞ፣ ነሐሴ 3፣ የዞኑ አስተዳዳሪ አቶ ዳጋቶ ኩምቤና ሌሎች ባለሥልጣናት በሶዶ ታሰሩ፤ በሶዶና በቦዲቲ በተነሣው ተቃውሞም ሰዎች ተገደሉ። ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲካሄድ ዋናው ጥያቄ ከኮሮጆው ውጭ እንደቀረ ነበር።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሲካሄድ፣ ምርጫ ቦርድ የወላይታን ድምፅ በከባድ የሕግ ጥሰት ምክንያት ሰርዞ ሰኔ 12 እንደገና እንዲሰጥ አደረገ። መራጩ ሁለት ጊዜ የተጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ክልል መደራጀትን ይደግፋል ወይስ አይደግፍም። የዞኑ ምክር ቤት በ2011 ዓ.ም. የጠየቀው የብቻ ክልል በወረቀቱ ላይ አልነበረም። በዚያው ዓመት ነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት፣ ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች።