የዘመመ ግድግዳና የተከራይ አንደበት

 

ምንጃር ሸንኮራ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ነጭ ጤፉ ነው። የወረዳው ዋና ከተማ አረርቲ ግን ጤፍ የሚጫንባት ብቻ ሳትሆን ሰው ተከራይቶ የሚኖርባትም ከተማ ናት። ከገጠር ለትምህርት የመጣ ተማሪ፣ ከሌላ ወረዳ የተመደበ መምህር፣ የቀን ሠራተኛና ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ማረፊያቸው በባለቤቱ ግቢ ውስጥ በስተጓሮ የተቀጠለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ መብራቷም ከባለቤቱ ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የተሳበ ነው። ክረምት ሲገባ የግድግዳው እግር ውኃ ይጠጣና ማዕዘኑ መዝመም ይጀምራል። ተከራዩ ያየዋል። ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት የዚችን ጥያቄ ታሪክ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንት ለጉዳዩ ራሱን የቻለ ስም ሰጥተውታል፤ «አል-ሓኢጥ አል-ማኢል» ይሉታል፤ የዘመመ ግድግዳ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የተሠራ ግድግዳ ከጊዜ በኋላ ዘሞ ቢወድቅና ሰው ወይም ንብረት ቢያጠፋ ባለቤቱ ይጠየቃልን? በሐነፊ መዝሀብ መልሱ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ ይኸውም ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት ነበር ወይ? የሚለው ነው። ግድግዳው መዝመሙን በምስክር ፊት ሰምቶ፣ ለማፍረስ የሚበቃ ጊዜም አልፎ ከወደቀ ካሳው በእሱ ላይ ነው። ካልተነገረው የለበትም። (ሻፊዒያ ዘንድ የተለየ አስተያየት አለ፤ ለጊዜው ወደዚያ አንገባም።)

ማን ይናገር? ግድግዳው ወደ ሕዝብ መንገድ ከዘመመ ማንኛውም አላፊ አግዳሚ መናገር ይችላል። ወደ ሰው ቤት ከዘመመ ደግሞ የዚያ ቤት ባለቤት፣ እንዲሁም በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች። በ593 ሂጅሪያ የሞቱት መርጊናኒ በ«አል-ሒዳያ» ይህን በግልጽ አስፍረውታል። በኦቶማን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1869 እስከ 1876 የተዘጋጀው መጀላም በአንቀጽ 928 ተቀብሎታል። እስቲ ልብ በሉት! ነዋሪ ከተባለ ተከራይም አለበት። በቤቱ ላይ አንዲት ጡብ እንኳ የሌለው ሰው፣ በአንደበቱ ብቻ የባለንብረቱን ኃላፊነት ይለውጣል ማለት ነው።

ነገሩ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ አልነበረም። በ8ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቱኒስ ከተማ ኢብኑ አር-ራሚ የሚባል ግንበኛ ነበር። ቃዲው ክርክር ሲቀርብለት እሱን እየላከ ግድግዳውን፣ የጎረቤቱን ጢስ፣ ወደ ሰው ጓዳ የተከፈተውን መስኮት ያስመረምር ነበር። ያየውን ሁሉ «አል-ኢዕላን ቢአሕካሚል ቡንያን» በተባለ መጽሐፍ ሰበሰበው። ኢማም ነወዊ ከሰበሰቧቸው ሐዲሶች 32ኛው፣ ጉዳትን የሚከለክለው፣ በግንበኛ ቱንቢ ሲለካ ማየት ለሚፈልግ ይህ መጽሐፍ ይበቃዋል።

የወቅፍ ሕግ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በሐነፊያ ዘንድ ከወቅፍ ቤት የሚገኘው ኪራይ አስቀድሞ የሚውለው ለራሱ ለቤቱ እድሳት ነው፤ ወቃፊው ይህን ባይናገር እንኳ። ድሃውም፣ መድረሳውም፣ ኢማሙም ከዚያ በኋላ ነው የሚደርሳቸው። መጀላም በአንቀጽ 529 የተከራየ ቤት ጥገና የአከራዩ መሆኑን ይገልጽና እንቢ ቢል ተከራዩ መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። መልቀቅ! እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ሌላ ቤት የሌለው ሰው ወዴት ይለቃል?

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ አድርጎ፣ አደጋ ያሰጋው ሰውም ባለቤቱ አደጋውን እንዲያስወግድ የመጠየቅ መብት ሰጠ። ከ15 ዓመት በኋላ ግን ሁሉም ተገለባበጠ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቤት ማከራየትም ለግለሰብ ተከለከለ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። የድሃው ኪራይ ቀነሰ፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን ኪራዩ ጥቂት፣ ጥገናውም የዚያኑ ያህል ጥቂት ሆነና የቀበሌ ቤት በተከራዩ ላይ እየዘመመ አረጀ። ተከራዩ ለማን ይናገር? አከራዩ ቀበሌው ነው፤ አቤቱታ ሰሚውም ቀበሌው ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የግል ኪራይ ተስፋፋ፤ ጓሮው ሁሉ ክፍል ሆነ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሹም እንዲኖርና አደገኛ ሕንፃ ላይ እርምጃ እንዲወስድ ቢያዝም፣ የጓሮዋን ክፍል ማን ገብቶ አያት?

ባለጠጋ አገርም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቤቶች ሕግ መሠረት ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ኩሽና ወይም መጸዳጃ ተጋርተው የሚኖሩበትን ቤት የሚያከራይ ሰው ከአካባቢው ምክር ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይሁንና እዚያው ለንደን፣ የምክር ቤቱ ንብረት በሆነው የግሬንፌል ሕንፃ፣ ነዋሪዎች ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው አስጠንቅቀው ሳይደመጡ እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 በረመዷን ሌሊት 72 ሰው አለቀ። ከሟቾቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩበት። አላህ ይዘንላቸው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በሚወስነው መሠረት ነው። ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ኪራይ ጭማሪው ነው። እኔ ግን በዚህ አዋጅ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ሁለቱ ዓመት ነው። «ግድግዳው ዘሟል» ያለ ሰው በማግስቱ «እንግዲያው ልቀቅ» የማይባልበት ሁለት ዓመት ማለት ነውና።

እኔም የማከራያት አንዲት ክፍል አለችኝ። ባለፈው ክረምት ተከራዬ የጓሮው ግድግዳ ወደ መተላለፊያው መዝመሙን ነገረኝ። «ክረምቱ ሲወጣ ኢንሻአላህ» አልኩት። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ትሰማ ነበር። ክረምቱ ወጣ። ልጁ ሁለተኛ አልነገረኝም፤ ኪራዩን ግን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ያመጣልኛል።