የ18ቱ ሰዎች ምስክርነትና የፊሊስ ዊትሊ ፊርማ

በባርነት የነበረችው ገጣሚ ፊሊስ ዊትሊ በ1773 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለንደን ላይ ያሳተመችው የግጥም መድበል ብርቅዬ መጻሕፍት ሰብሳቢዎች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው የሴት ደራስያን ሥራዎች አንዱ ነው። ፊርማዋ ያለበት ቅጂ ሲገኝማ ዋጋው አይቀመስም። የሕይወት ታሪኳን ቪንሰንት ካሬታ በሚገባ ስለጻፉት አልመለስበትም። ሙግቴ ከሃያሲው ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ ጋር ነው።

ጌትስ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ ትልቁን ስፍራ የሰጡት ግጥሞቹን የጻፈችው እሷ ናት ብለው 18 የቦስተን ታላላቅ ሰዎች ለሰጡትና በመድበሉ መግቢያ ላይ ለታተመው ምስክርነት ነው። ከዚህ ተነስተው ሰዎቹ ተሰብስበው በባርነት ያለችውን ወጣት የመረመሩበትን ችሎት ይስሉልናል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ለመደረጉ ማስረጃ እንደሌለ ተመራማሪዋ ጆአና ብሩክስ በ2010 ተከራክረዋል፤ እስማማለሁ። ችሎቱ ቢፈርስም ግን መጽሐፉን ተዓማኒ ያደረገው የወንዶቹ ስም ነው የሚለው እምነት አልፈረሰም። የእሷ ፊርማ ዛሬም እንደ ጌጥ ይታያል።

ከምስክርነቱ ሥር የታተመችውን አጭር ማስታወቂያ እንይ። ዋናውን ሰነድ ማየት የሚሻ ኦልድጌት ወደሚገኘው የአርኪቦልድ ቤል ሱቅ ይምጣ ትላለች። ቤል የመጽሐፉ አሳታሚና ሻጭ ነው። ጌትስ የፍርድ ቃል ያደረጉት ሰነድ ገዢ መጥሪያም ነበር ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ምንጭ ዊትሊ ጥቅምት 18 ቀን 1773 ኒው ሄቨን ላለው ለዴቪድ ዉስተር የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ነጻ መውጣቷን ከነገረችው በኋላ በቀጥታ ወደ ንግዱ ትገባለች። ከሽያጩ ግማሹ የእሷ ስለሆነ ወዳጆቹን በገዢነት እንዲያስመዘግብላት ትለምነዋለች። የተጠረዘው ሁለት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ፣ የተሰፋው ብቻ ሁለት ሺሊንግ መሆኑን ትገልጻለች። የከተማው አታሚዎች መጽሐፉን ደግመው እንዳያትሙባት እንዲነግርላትም ትጠይቃለች። ይህን የሚደፍር ቢገኝ እንኳ እውነተኛው ቅጂ በእጇ ስለተፈረመ ይለያል ትላለች። ይህ ፊርማ ለወዳጅ የተተወ ማስታወሻ አይደለም፤ መተዳደሪያዋን የምትጠብቅበት ማኅተም ነው። ማን እንደጻፈው ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ለማን እንደሚገባም ይናገራል።

ያልተፈረሙ ቅጂዎች አሉ የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። አሉ፤ በለንደን የተሸጠው ሁሉ በእጇ አላለፈምና ይህ ነጥቤን አይነካውም። ከአንድ ደብዳቤ ብዙ መደምደም እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ሆኖም ደብዳቤው ግልጽ ነው። ስጋቷም ከንቱ አልነበረም። በታኅሣሥ 1784 አረፈች፤ በ1786 ጆሴፍ ክሩክሻንክ መድበሉን ፊላደልፊያ ላይ አሳተመው።

ስለዚህ የመጽሐፍ ነጋዴ ካታሎግ «በደራሲዋ የተፈረመ» ብሎ ማለፍ አይበቃውም። ፊርማው በየትኛው ገጽ እንዳለና ከደብዳቤዎቿ የእጅ ጽሑፍ ጋር ተመሳክሮ እንደሆነ ይጻፍ፤ ቀጥሎም የዉስተር ደብዳቤ ይጠቀስ። የ18ቱ ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ።